ሱሪው ከደብዳቤው ይቅደም

እንደምን አመሻችሁ?

ከኋላ የቆማችሁ ግቡ፣ ግቡ። እዚህ ፊት ለፊት ባዶ ወንበር አለ። እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ሥራ ውላችሁ ደክሟችሁ ሳለ ልታዳምጡኝ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹንም አመሰግናለሁ።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅና ልጀምር። ተቀጥራችሁ እየሠራችሁ፣ "ይህን ሥራ ለቅቄ የራሴን ልብስ ማምረት እጀምራለሁ" ብላችሁ የምታስቡ እስቲ እጃችሁን አውጡ። ብዙ ናችሁ። እሺ፣ ከእናንተ መካከል የመልቀቂያ ደብዳቤውን ጽፋችሁ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጣችሁስ? አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ስድስት።

ለእናንተ ለስድስታችሁ ነው ዛሬ የመጣሁት። ደብዳቤውን አትቅደዱት። ግን ነገ ጠዋት አታስገቡት። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

እኔ በአንድ ትልቅ ኩባንያ ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ሒሳብ ክፍል ተቀጥሬ ገባሁ፣ ከውስጥ ኦዲት ለቅቄ ወጣሁ። የመጨረሻዎቹን 4 ዓመታት የቡድን መሪ ነበርኩ። ደመወዜ ጥሩ ነበር። አለቃዬ ጥሩ ሰው ነበሩ። ይህን የምነግራችሁ፣ ሥራ የሚለቅ ሰው ሁሉ ተበድሎ የወጣ ስለሚመስለን ነው። እኔ አልተበደልኩም። ዛሬ ከ6 ሰዎች ጋር ሆነን የሴቶች ሱሪ እንሰፋለን። ሱሪ ብቻ። ኪስ ያለው ሱሪ።

ዛሬ ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛ ስለ መውጣት፣ ሁለተኛ ስለ ጨርቅ፣ ሦስተኛ ስለ ገንዘብ። ጨርቁ ላይ ልረዝም እችላለሁ። ታገሱኝ።

ግን መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ ላውራችሁ። የተጀመረው በኪስ ነው። ለሥራ የምገዛው ሱሪ ሁሉ ኪስ አልነበረውም። ወይም ደግሞ የውሸት ኪስ ነበረው፤ አፉ ተሰፍቶ የተዘጋ። መታወቂያዬን በእጄ፣ ስልኬን በእጄ፣ ሰነዱን በብብቴ ይዤ ነበር ከፎቅ ፎቅ የምወጣ የምወርደው። ወንዶቹ ባልደረቦቼ እጃቸውን ነፃ አድርገው ይሄዳሉ። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ስልኬ ከእጄ አምልጦ ወደቀና ተሰበረ። በዚያው ሳምንት አንዱን ሱሪዬን ይዤ አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄድኩ። "ጋሼ፣ ለዚህ ሱሪ ኪስ ይግጠሙልኝ" አልኳቸው። "ምን ያህል ጥልቅ ይሁን?" አሉኝ። "እጄ አንጓው ድረስ ይግባ" አልኩ። ገጠሙልኝ።

ያንን ሱሪ ለብሼ ሥራ በገባሁበት ቀን ሦስት ሴቶች "የት ገዛሽው?" ብለው ጠየቁኝ። በወሩ ጋሼ ለ11 ሱሪ ኪስ ገጥመው ነበር። በመጨረሻ እሳቸው ራሳቸው ደከማቸውና "ልጄ፣ የሰው ሱሪ ከምንፈታ ለምን ከነኪሱ አንሰፋውም?" አሉኝ። የእኔ ድርጅት የተመሠረተው በዚህ ጥያቄ ነው።

እሺ፣ ወደ መጀመሪያው ነገር ልሂድ። ስለ መውጣት።

ሥራ ልለቅ እንደማስብ የነገርኳት የመጀመሪያ ሰው እናቴ ናት። ዝም ብላ ሰማችኝና "አንቺ ልጅ፣ የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥዪ" አለችኝ። ያን ቀን ተናድጄ ነበር የወጣሁት። እንዴት እናት ልጇን አታበረታታም ብዬ። ቆይቼ ሳስበው ግን ተረቱ ሌላ ነገር ነው የሚለው። የቆጡን አታውርጂ አይልም። ወደ ቆጡ ከመንጠራራትሽ በፊት በብብትሽ የያዝሽውን የሆነ ቦታ አስቀምጪ ነው የሚለው። ይህን ስረዳ እናቴን ይቅርታ ጠየቅኳት።

ሳራ ብሌክሊን ብዙዎቻችሁ በስም ታውቋታላችሁ። ስፓንክስ የሚባለውን የውስጥ ልብስ የፈጠረችው ሴት ናት። ፋክስ ማሽን እየዞረች ትሸጥ ነበር። የጀመረችው በራሷ 5,000 ዶላር ቁጠባ ነው። ምርቷ ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ሥራዋን ግን ሐሳቡ የመጣላት ዕለት አልለቀቀችም። ቀን ፋክስ ትሸጣለች፣ ማታና ቅዳሜ እሑድ የራሷን ትሠራለች። ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ እምቢ ሲሏት ደመወዝ ነበራት።

ፊል ናይትም እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ከአሠልጣኙ ከቢል ባወርማን ጋር እያንዳንዳቸው 500 ዶላር አዋጥተው በኋላ ናይኪ የሆነውን ድርጅት ጀመሩ። ናይት የሒሳብ ባለሙያ ነበር። ጫማውን መኪናው ውስጥ ጭኖ የሩጫ ውድድር ወዳለበት እየሄደ ይሸጥ ነበር። ሙሉ ጊዜውን ለራሱ ድርጅት የሰጠው መቼ ነው? በ1969። አምስት ዓመት! አምስት ዓመት ሙሉ በሌላ ሥራ ኑሮውን እየደገፈ ነበር። ስለ እነዚህ ሰዎች ሲወራ የምንሰማው ድፍረታቸውን ብቻ ነው። በሁለት ሥራ መካከል የደከሙበትን ዘመን ማንም አይተርክልንም።

ዕድሜዬ አልፏል የምትሉም አላችሁ፤ አውቃለሁ። ቬራ ዋንግ ለዓመታት የፋሽን መጽሔት አዘጋጅ ነበረች። የመጀመሪያ የሙሽራ ልብስ ሱቋን እ.ኤ.አ. በ1990 ስትከፍት ዕድሜዋ 40 ገደማ ነበር። እኔ ስጀምር 36 ነበርኩ። እርጅናዬ አይደለም ያስቸገረኝ፤ ጨርቅ አለማወቄ ነው።

አሁን ከሁሉም በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገውን ነገር ልናገር። ጓደኛ አይገዛም። ጓደኛ ያግዛል። ልድገመው፤ ጓደኛ አይገዛም፣ ያግዛል። የመጀመሪያዎቹን 25 ሱሪዎች የወሰዱልኝ የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ናቸው። እግዜር ይስጣቸው። ግን እነሱ የወሰዱት ስለሚወዱኝ ነው። ሱሪው ቢያጥርም አይነግሩኝም። ዚፑ ቢበላሽም ዝም ብለው ያስጠግኑታል። በእነሱ ግዢ ላይ ተመሥርቼ ደብዳቤ ባስገባ ኖሮ፣ የጓደኞቼ ቁጥር ያለቀ ቀን ድርጅቴም ያልቅ ነበር።

ስለዚህ ለራሴ መስፈርት አወጣሁ። የማላውቃቸው 100 ሰዎች ሱሪውን እስኪገዙ ደብዳቤ አላስገባም። ከእነሱም ቢያንስ 20ዎቹ ተመልሰው ሁለተኛ ሱሪ እስኪገዙ። ለምን ሁለተኛ? የመጀመሪያውን ፎቶው ሊሸጠው ይችላል። ሁለተኛውን የሚሸጠው ሱሪው ራሱ ነው።

16 ወር ፈጀብኝ። 16 ወር ቀላል አይደለም። ከሥራ እወጣለሁ፣ ጋሼ ዘንድ እሄዳለሁ፣ ማታ ቤት ገብቼ ቁልፍ እተክላለሁ። ልጄ እንቅልፍ ሲጥላት ጣቃው ላይ ጋደም ትልና እዚያው ትተኛለች። አንዳንድ ማታ እሷን አንስቼ ጨርቁን ከሥሯ ለማውጣት አቅም አጣ ነበር። ባለቤቴ ባያግዘኝ አልችለውም ነበር። የሚያግዝ ሰው የሌላችሁ፣ ከእኔ የበለጠ ጊዜ ስጡት። 16 ወሩ 30 ወር ይሁን። ምንም አይደለም።

በዚህ ጊዜ ሁለት ነገር በጥብቅ ያዝኩ። አንደኛ፣ የቅጥር ውሌን አውጥቼ አነበብኩ። ብዙ ውሎች ስለ ተጨማሪ ሥራ የሚሉት ነገር አላቸው። ለአለቃዬ በጽሑፍ አሳወቅኩ። የመሥሪያ ቤቱን ሰዓት፣ የመሥሪያ ቤቱን ወረቀት አልነካሁም። ሁለተኛ፣ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን የቤታችንን ወጪ በወረቀት ጻፍን። የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ለእናቴ የምልከው፣ ድንገት ለሚመጣው ሕመም። ያንን በ10 ወር አባዛን። ያ ገንዘብ በሌላ አካውንት ተቀመጠ። የሱሪው ገንዘብ ሌላ፣ የቤቱ ገንዘብ ሌላ። አንድ ቀን እንኳን አላቀላቀልናቸውም።

ከዚያ ደብዳቤውን አስገባሁ። አለቃዬ አንብበው "ያቺን ኪስ ልትከተያት ነው?" አሉኝ። አቅፈው ሸኙኝ።

ማንም ያልነገረኝ አንድ ነገር ግን ነበር። በለቀቅኩ በሁለተኛው ሳምንት ለአንድ ጨርቅ አቅራቢ ደወልኩ። ጸሐፊዋ "ከየት ልበል?" አለችኝ። አፌ ላይ የመጣው የድሮ መሥሪያ ቤቴ ስም ነው። 11 ዓመት እንደዚያ ስል ኖሬያለሁ። ዋጥ አደረግኩትና የራሴን ስም ተናገርኩ። "ማን?" አለችኝ። ደገምኩላት። "ከየት?" አለችኝ። "ከራሴ" አልኳት። ስልኩ መልሶ አልተደወለም። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ያኔ ገባኝ። ያ ሁሉ ሰው ስልኬን ያነሳ የነበረው ለእኔ አልነበረም። ለመሥሪያ ቤቴ ነበር። በዚያ ሳምንት ብዙ አለቀስኩ። ገንዘብ አልጎደለኝም፤ የጎደለኝ ስም ነው። እናንተ ስድስታችሁ ይህን ቀድማችሁ እወቁት። ይመጣል። ሲመጣ የተሳሳታችሁ እንዳይመስላችሁ።

አሁን ወደ ጨርቁ።

የመጀመሪያው ትልቅ ስፌታችን 60 ሱሪ ነበር። ጥቁር ሰማያዊ፣ ወፈር ያለ ጥጥ። ጋሼ ከመቁረጣቸው በፊት "ጨርቁ ታጥቧል ወይ?" ብለው ጠየቁኝ። "አዎ ታጥቧል" አልኳቸው። ሻጩ እንደዚያ ብሎኝ ነበር። ቆረጡ፣ ሰፋን፣ ተኮስን። አምሮ ነበር። 41ዱ ወዲያው ተሸጠ። በሦስተኛው ሳምንት ስልክ ይደወል ጀመር። "አጠረብኝ።" "ቁርጭምጭሚቴ ላይ ቀረ።" "አንዴ ነው ያጠብኩት።" 17 ሰዎች መለሱልኝ። ለ17ቱም ገንዘባቸውን መለስኩ። የቀሩትን 19 ሱሪዎች ለመሸጥ እጄ እምቢ አለኝ።

ጋሼ አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገሩም። ከቁርጥራጩ 50 በ50 ሳንቲሜትር ካሬ ቆርጠው ሰጡኝ። "እጠቢው፣ አድርቂው፣ ነገ አምጪው" አሉ። በማግስቱ ሜትር ጣሉበት። በቁመቱ 47.5 ሆኗል። 5 በመቶ ተሰብስቧል። እግሩ 75 ሳንቲም በሆነ ሱሪ ላይ ይህ ወደ 4 ሳንቲም ይጠጋል። ቁርጭምጭሚት ላይ 4 ሳንቲም ምን ማለት እንደሆነ ሱሪ የለበሰ ሁሉ ያውቀዋል። ጋሼ ካሬውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው "ከዛሬ ጀምሮ ይህን ሳላይ መቀስ አላነሳም" አሉኝ። እስከዛሬ ቃላቸውን ጠብቀዋል።

አያችሁ? 11 ዓመት ሙሉ "ማስረጃ ካላየሁ አልፈርምም" ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። የሰው ሒሳብ ሲሆን እያንዳንዱን ደረሰኝ አገላብጣለሁ። የራሴ ጨርቅ ሲሆን የሻጩን ቃል አምኜ ፈረምኩ። ለምን? ስለጓጓሁ ነው። የራሳችን ነገር ሲሆን ጉጉታችን ዓይናችንን ይጋርደዋል። ከድሮ ሥራችሁ የምታመጡት ትልቁ ሀብት ይህ ጥንቃቄ ነውና በር ላይ ጥላችሁት አትግቡ። የምትለቁትንም ሥራ አታራክሱት። ያሠለጠናችሁ እሱ ነው።

ለምን ይሰበሰባል ለምትሉ፦ ጨርቅ ሲሸመን ድሩ ተወጥሮ ነው። በዚያ ውጥረት ላይ ማጉ ይገባል። ውሃና ሙቀት ሲያገኘው ክሩ ወደ ራሱ ልክ ይመለሳል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ በቁመቱ፣ ማለትም በድሩ በኩል፣ ነው የበለጠ የሚሰበሰበው። ካሬውን ስታጥቡ የድሩን አቅጣጫ በእስክሪብቶ ቀስት ምልክት አድርጉበት። አለበለዚያ የትኛው ጎን እንደገባ አታውቁም። የምታጥቡትም ደንበኛችሁ በምታጥብበት መንገድ ይሁን። እሷ በሙቅ ውሃ የምታጥበው ከሆነ እናንተም በሙቅ ውሃ።

ድርን ካነሳሁ አይቀር። ፓተርኑ፣ ማለትም ጨርቁ የሚቆረጥበት የወረቀት ንድፍ፣ ጨርቁ ላይ ሲዘረጋ የሱሪው እግር ከድሩ ጋር ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት። ጨርቅ ለመቆጠብ ተብሎ ትንሽ ዘመም ሲደረግ ዓይን አያየውም። ተሰፍቶም አይታወቅም። ከጥቂት እጥበት በኋላ ግን የጎኑ ስፌት እየዞረ ወደ ቅልጥም ፊት ይመጣል። እንደዚህ ያለ ሱሪ ቤታችሁ የለም? አለ። እያንዳንዳችን ቤት አለ። እና ጥፋቱ የሰፊዋ መስሎን ነበር። ጥፋቱ የተፈጠረው መርፌ ጨርቁን ሳይነካው ነው። በአንድ ሱሪ አንድ መዳፍ ጨርቅ ለማትረፍ ሲባል።

ቀለምም አለ። ሁለት ጣቃ ገዛሁ፤ "አንድ ዓይነት ጥቁር ነው" ተብሎ። በሱቁ መብራት አንድ ነበር። በቀን ብርሃን ስናየው አንዱ ወደ ሰማያዊ፣ ሌላው ወደ ቡኒ ያደላል። በተለያየ ዙር የተነከረ ጨርቅ ቀለሙ በጥቂቱ ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ የአንድ ሱሪ ቁራጮች በሙሉ ከአንድ ጣቃ መውጣት አለባቸው። አሁን ለእያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥር እንለጥፋለን። የፊት ቀኝ 14 ከኋላ ቀኝ 14 ጋር ብቻ ነው የሚሰፋው። ጨርቅ ስትገዙም ጫፉን ይዛችሁ ወደ ውጭ ውጡ። ሻጩ ቢነጫነጭም ውጡ።

ትልልቅ ጨርቅ አምራቾች ለትንሽ ሰው ጥቂት ሜትር መሸጥ አይፈልጉም። የእኔ መፍትሔ ከትልልቅ ልብስ ፋብሪካዎች ትእዛዝ የተረፈ ጣቃ መግዛት ነበር። ዋጋውም ይቀንሳል፣ ጨርቁም ጥሩ ነው። ችግሩ፣ ያ ቀለም ካለቀ አለቀ። ደንበኛ "ያንኑ ስጪኝ" ስትለኝ የለኝም። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚኖሩን ሁለት ቀለሞች ከመደበኛ አቅራቢ ይመጣሉ። የቀረው ከተራፊ።

ልክ ደግሞ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። በመጀመሪያው ዙር በ5 ሳይዝ እኩል እኩል 12 ሰፋሁ። ለምን እኩል? ስላላወቅኩ፣ እኩል ማካፈል ፍትሐዊ ስለመሰለኝ። ትልልቆቹ በሳምንት አለቁ። ትንንሾቹ ተደርድረው ቀሩ። ከዚያ በኋላ ሜትር ይዤ ተነሳሁ። ፈቃደኛ የሆኑ 43 ሴቶችን ለካሁ። ወገብ፣ ዳሌ፣ ጭን፣ የእግር ቁመት። ያገኘሁት ነገር አስገረመኝ። ወገባቸው እኩል 78 የሆነ ሁለት ሴቶች አሉ። የአንዷ ዳሌ 98 ነው፣ የሌላዋ 110። ለሁለቱም "የአንቺ ሳይዝ ይኸው" ብዬ አንድ ሱሪ ልሰጥ ነበር። ዳሌዋ 110 የሆነችው እህቴ ዕድሜ ልኳን ሱሪ ሞክራ "ሰውነቴ ነው ችግሩ" እያለች የወጣች ናት። ሰውነቷ አይደለም። ፓተርኑ ነው! አሁን ለአንድ ወገብ ሁለት ዳሌ እንቆርጣለን። ሥራ ይጨምራል። ክምችት ይጨምራል። ግን ያቺ ሴት መስታወት ፊት ቆማ እጇን ኪሷ ውስጥ ስትከት ያየሁ ቀን፣ ሥራ መልቀቄን ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አመንኩበት።

ስለ ኪስ አንድ ታሪክ ልንገራችሁና ጨርቁን ልተው። ጄኮብ ዴቪስ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። አንዲት ሴት መጥታ ባሏ ሱሪውን እየቀደደ እንዳስቸገራት ነገረችው። ኪሱ ጫፍ ላይ ነው የሚቀደደው። ዴቪስ የኪሱን ማዕዘኖች በመዳብ ሚስማር አጠበቃቸው። ሱሪው ተወደደ። የፈጠራ መብቱን ለማስመዝገብ ግን ገንዘብ አልነበረውም። ምን አደረገ? ጨርቅ ለሚያቀርብለት ነጋዴ ደብዳቤ ጻፈ። ነጋዴው ሌቪ ስትራውስ ነበር። እ.ኤ.አ. ግንቦት 20 ቀን 1873 መብቱ በሁለቱ ስም ተመዘገበ። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚለብሰው ጂንስ የመጣው ከአንዲት ሴት አቤቱታና ከአንድ ልብስ ሰፊ ጆሮ ነው። እኔ ይህን ካነበብኩ ጀምሮ የሚመለስልኝን እያንዳንዱን ሱሪ ራሴ አየዋለሁ። ለምን እንደተመለሰ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። የኪሳችን ጫፍ ላይ ያለችው ወፍራም ስፌት የመጣችው ከዚያ ደብተር ነው።

ሦስተኛው ነገር ገንዘብ ነው። በአጭሩ እናገራለሁ።

አንድ ሱሪ በ100 ይሸጣል እንበል። የገንዘቡን ስም ተዉት። ከ100ው 24ቱ ጨርቅ ነው። ዚፕ፣ ቁልፍ፣ ክር፣ ገበር፣ ምልክትና ማሸጊያ 7። ቆረጣና ስፌት 19። ድምሩ 50። እኔ መጀመሪያ እዚህ ላይ አቆምኩና "ግማሹ ትርፌ ነው" አልኩ። የሒሳብ ሰው ሆኜ! የረሳሁት ኪራይ፣ መብራት፣ የማሽን ጥገና፣ ማጓጓዣ 15 ይወስዳል። የሚመለስና በቅናሽ የሚሸጥ 10። ፎቶና ማስታወቂያ 5። የቀረው 20 ነው። ከዚያ 20 ነው የእኔ ደመወዝም፣ የሚቀጥለው ጨርቅም የሚወጣው። ይህ የእኔ ስሌት ነው፤ የእናንተ ይለያል። ግን ሳትቆጥሩ አትጀምሩ። አንድ ሱሪ ለመስፋት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ሰዓት ይዤ ቆጥሬያለሁ። መጀመሪያ 95 ደቂቃ ነበር። አሁን 70 ነው።

አሁን አንድ ሱቅ መጥቶ "ሱሪሽን ልሽጥልሽ" አለ እንበል። ደስ ይላል፤ አይደል? ሱቁ ግን በ100 ለመሸጥ ከእናንተ በ50 መግዛት ይፈልጋል። ይህ በዚህ ንግድ ውስጥ የተለመደ ነው። እሱም ኪራይ አለበት፤ አልወቅሰውም። 50 ደግሞ ሱሪው ተቆርጦ እስኪሰፋ የወጣው ነው። ስለዚህ ለሱቅ የማቅረብ ሐሳብ ካላችሁ፣ ዋጋችሁን ከመጀመሪያው ቀን እሱን አስባችሁ አውጡ። በኋላ ዋጋ መጨመር ከባድ ነው።

እኔ አንድ ሱቅ 80 ሱሪ አዘዘኝ። በ60 ቀን ሊከፍል ተስማማን። የከፈለው በ95ኛው ቀን ነው። በመሃሉ ሁለት ደመወዝ መክፈል ነበረብኝ። መዝገቤ ላይ አትራፊ ነኝ። ባንክ ውስጥ ግን ለሰፊዎቼ የምከፍለው የለም። የሰው ድርጅት ላይ ስንት ጊዜ "የገንዘብ ፍሰት ችግር" ብዬ ጽፌያለሁ። ሰፊዎቼ ፊት ቆሜ "እስከ ሰኞ ታገሱኝ" ስል ግን ቃሉን እንደ አዲስ ተማርኩት። ዛሬ ግማሽ ቀብድ ሳይገባ ጨርቅ አይቆረጥም። እምቢ ያለ ሱቅ ይቅር።

ስለ ሰፊዎቹም አንድ ነገር ልበል፤ ይህንን ሳልናገር ብወርድ ኅሊናዬ አያርፍም። መጀመሪያ የምከፍላቸው በቁራጭ ነበር። በሰፉት ሱሪ ልክ። ቶሎ ቶሎ ይሠራ ጀመር፤ ስፌቱ ግን ተበላሸ። አንዷን ጠርቼ ጠየቅኳት። "እህቴ፣ በቁጥር ስትከፍዪኝ እጄ ይቸኩላል። ልጆቼ የሚበሉት በቁጥሩ ነው" አለችኝ። በማግስቱ ወደ ወር ደመወዝ ቀየርኩ። የሚሰፋው ቁጥር በመጀመሪያው ወር ቀነሰ። የሚመለሰው ሱሪም ቀነሰ፤ እሱ ግን በጣም ቀነሰ። እኔ 11 ዓመት በወር ደመወዝ ተረጋግቼ ሠርቻለሁ። ያንን መረጋጋት ለእሷ እንዴት እነፍጋለሁ? ልብሱ ላይ የእኔ ስም አለ፤ የእሷ እጅ ነው ያለበት። ድርጅት ስትከፍቱ ትታችሁት የወጣችሁትን ደመወዝ ለሌላ ሰው የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ከመውጣታችሁ በፊት ይህንን አስቡት። እባካችሁ አስቡት።

ሰዓቱ እንደደረሰ ምልክት እየተሰጠኝ ነው። እሺ።

እዚያ ጠረጴዛ ላይ ስድስት ሱሪ አስቀምጫለሁ። የተቆጠሩት ለስድስታችሁ አይደለም፤ እንዲያው ተገጣጠመ። ሁለቱ ከመጀመሪያው 60 ውስጥ ያጠሩት ናቸው። አራቱ ያለፈው ወር ስፌት ናቸው። ወስዳችሁ ገልብጧቸው። ውስጡን እዩ። የኪሱን ጫፍ ሳቡት። የጎኑን ስፌት ከወገብ እስከ እግር በጣታችሁ ተከተሉት፤ የት ላይ እንደሚዞር ታገኙታላችሁ። አጠገባቸው 50 በ50 የተቆረጡ ካሬዎች አሉ፤ ቀስቱ ተሥሎባቸዋል። አንድ አንድ ውሰዱና ቤት ሄዳችሁ እጠቡት።

ጋሼም መጥተዋል። እዚያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ባርኔጣ ያደረጉት ናቸው። ስለ ቆረጣ ያላችሁን ጥያቄ ለእሳቸው፣ ስለ ገንዘብ ያላችሁን ለእኔ። አመሰግናለሁ።